ለሴትም ሰባት

ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት ባልቴት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ሆስፒታል ነው የምመጣው እማማ። አንድ ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠራሁ፤ አሁን ወደ ቤቴ መመለሴ ነው።»

«ውይ፣ ያ ጉድ የሠራኝ ሆስፒታል!»

«ምን አደረግንዎት?»

«ምራቴን ከጉና ግርጌ በቃሬዛ ይዘናት መጣን። ደጅ ቆሜ እልልታውን ስቆጥር ሰባት! ወንድ ነው ብዬ ለባሌ ደወልኩ፤ በደስታ በጉን ጣለው። ስገባ ሴት ናት!»

«እኔ ነኝ እማማ እልል ያልኩት።»

«አንቺ? ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት መሆኑን እናትሽ አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች። ምጡ ግን ያው አንድ ነው፤ ለሴት ሲሆን እልልታውን ምን ቆረጠው? ዓመቱን ሙሉ ሰባት፣ ሰባት ነው ያልኩት። የሆስፒታሉ ቄስ እንኳ ‹ዘንድሮ ሴት አልተወለደም እንዴ?› ይሉኝ ነበር።»

«ወይ አንቺ!»

«ባለቤትዎ ተቆጡ?»

«በጉ ታርዷል፣ ተቆጥቶ ምን ሊያመጣ! አሁንማ ከእቅፉ አትወርድም። ‹ባለ ሰባቷ› እያለ ነው የሚጠራት።»

«እሰይ!»

«እንግዲህ አንቺ ከሄድሽ ለሴቶቹ ማን ሰባት ይላል?»

«ሐሙሲት ወራጅ አለ!» አለች ወጣቷ እየሳቀች።

ወርዳ በሩ ሲዘጋ ባልቴቷ በመስኮቱ ብቅ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት፤ እኔም ሳላስበው በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።