የአባትየው ፊት

ሞላሌ ላይ አውቶቡሳችን ውስጥ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት «ወዴት ነሽ ልጄ?» አሏት።

«አዲስ አበባ፣ ካሜራ ልገዛ። ሠርግ ነው የማነሳው።»

«ይቺ የያዝሻትስ?»

«ይቺ የኪስ ካሜራ ናት፤ ጨለማ ቤት ውስጥ አትሆንም። አሁን የምገዛው ሌንሱ የሚቀያየረውን፣ ሚረርለስ የሚሉትን ነው።»

«ለሴት ልጅ ቀለል ያለው አይሻልም?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ወንድሜማ ‹አበድሽ እንዴ?› ብሎኛል። አልመለስም አባባ።»

«ምነው እንዲህ ቆረጥሽ?»

«ዘመሮ ከተማ አንዲት ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ ሲመርቋት አነሳኋቸው። እሳቸው በዕድሜያቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። ፍላሹ ቬሎዋን ብቻ አበራና የእሳቸው ፊት ጥቁር ሆኖ ወጣ።»

«ደግመሽ አታነሻቸውም ነበር?»

«ፎቶውን አሳጥቤ ስመለስ ተቀብረዋል።»

«እግዚኦ! ልጅቷስ ምን አለችሽ?»

«ፎቶውን ወደ መስኮቱ ይዛ ፊታቸውን ስትፈልግ አየኋት። ከእንግዲህ የሰው ፊት በእኔ እጅ አይጠፋም! የፈለገ ይሳቅብኝ።»

«እንግዲያው ትልቁን ግዢ» አሉ ሽማግሌው።

እኔ ከኋላቸው ሆኜ ፎቶ ሳትነሳ የሞተችውን የእናቴን ፊት ለማስታወስ ዓይኔን ጨፈንኩ።