ስለ ዕርቁ ተጠይቄ

የምስክሯ መጠሪያ፦ በደንበኞቿ አጠራር «እትዬ መቀስ»
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ፀጉር ሠሪ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከፀጉር ቤቷ በላይ ያለው ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኔ 11፣ ረፋድ ላይ
ጉዳዩ፦ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ስለ ቀድሞው ጥፋት ተጨማሪ ማስረጃ እንዲቀርብ በማዘዙ

ይግባኝ ባዩን አውቀዋለሁ። ሙያው የቧንቧ ሥራ ሲሆን የቀድሞ ባለቤቴ ነው። አሁን የታሰረው ሁለተኛ ሚስቱን በመደብደብ ነው። ከዚህ ቀደም እኔን በመደብደብ ተፈርዶበት ስለነበር በደጋጋሚ ወንጀለኛነት ቅጣቱ ከብዶበታል። ይህን ነገር ለፖሊስም ለዳኛም ስናገር ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አላስታውስም። ደክሞኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እህቱ ፀጉር ቤቴ መጣች። ፀጉሯን ልትሠራ የመጣች መስሎኝ አስቀመጥኳት። እያጠብኳት ሳለ «እባክሽ እትዬ፣ ታርቀን ነበር፣ ያኛው ፍርድ አይቆጠርበት ብለሽ ተናገሪለት» አለችኝ። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ የሥጋ ነገር ሆኖባት ነው። ፀጉሯን ጨርሼ ሸኘኋት። ሰውን ሳሙና በራሱ ላይ እያለ ማባረር ሙያዬ አይፈቅድም።

የአሁኗን ሚስት ያወቅኋት በዚሁ ሥራዬ ነው። ባለፈው ክረምት መጥታ ወገቧ የሚደርሰውን ፀጉሯን ከሥሩ እንድቆርጠው ጠየቀችኝ። ማን እንደሆነች አላወቅሁም ነበር። እንዲያ ያለ ፀጉር መቁረጥ ስለሚያሳሳኝ ትከሻዋ ድረስ እንድንተወው ነገርኳት። እሷም «ትከሻ ድረስማ እጅ ይይዘዋል» አለችኝ። ነገሩ ገባኝ። እኔም ከይግባኝ ባዩ ጋር ስኖር ፀጉሬን በገዛ እጄ ያሳጠርኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ቆርጬላት ስትወጣ በር ላይ የሚጠብቃትን ሰው አየሁት፤ እሱ ነበር። ተራ ስትጠብቅ የነበረችውን ደንበኛ ይቅርታ ጠይቄ መለስኳት።

ከይግባኝ ባዩ ጋር ታርቃችሁ ነበር ወይ ተብዬ ለተጠየቅሁት፦ አዎ፣ ታርቀናል። በዘመድ ፊት ይቅር ብዬዋለሁ፤ ዛሬም ቂም የለኝም። ነገር ግን ያስታረቁን ስለመታኝ ነው። ባይመታኝ ኖሮ በምን ነገር ያስታርቁን ነበር? ፍርዱ አይቆጠር አልልም።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የደረሰብኝንና ያየሁትን እንጂ የጨመርኩት የለም። ግልባጩ ለይግባኝ ባዩ እንደሚደርሰው፣ አድራሻዬም ከላይ እንደተጻፈ ተነግሮኛል። ቢሆንም ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________