አንድ ኪዩብ ለሁለት እጅ

ደብረ ብርሃን፣ አንድ ኬክ ቤት፤ ተለያይተው የሚኖሩት ውድነሽና መኩሪያ ነገ በልጃቸው በሶስና ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ለሚወዳደሩበት ባለቀለም ኪዩብ (እያዞሩ እያንዳንዱን ገጽ አንድ ቀለም የሚያደርጉት መጫወቻ) ይለማመዳሉ፤ ደንቡ እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ እጇ ብቻ እንዲያዞሩ ነው።

መኩሪያ፦ ቁጭ በይና ስሚኝ። ቦርሳሽን አስቀምጪ።

ውድነሽ፦ የሰማሁህ ይበቃኛል። ኪዩቡን ስጠኝ። ነገ ካንተ ጋር ከምዋረድ ወንድሜን ታምሩን ይዤ እቀርባለሁ።

መኩሪያ፦ ታምሩን? አንድ እግሩ ላይ ቀይ፣ አንድ እግሩ ላይ አረንጓዴ ካልሲ አድርጎ ለቅሶ የሚሄደውን?

ውድነሽ፦ እሱ ቢያንስ ሲነግሩት ይሰማል።

መኩሪያ፦ ሶስና ያስመዘገበችው እኮ “እናቴና አባቴ” ብላ ነው።

ውድነሽ፦ ለእሷ ስል ነው እስካሁን የተቀመጥኩት። ስንጀምር አበላሸኸው፣ ስንደግም አበላሸኸው።

መኩሪያ፦ እኔ? ነጩን ማን ጨረሰው? እይው፣ ምን ይወጣለታል?

ውድነሽ፦ አንዱን ገጽ ብቻ። እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን ብቻ ጠርጎ እንደሚቀመጥ ሰው።

መኩሪያ፦ ተጀመረ።

ውድነሽ፦ ደግሞ ወደ ላይ አዙረህ ታደንቀዋለህ። ሶስና ስታስተምረን ምን አለችህ? ነጩ ከታች ይሁን፣ ኪዩቡን አታገላብጡት፣ በተገላበጠ ቁጥር ጊዜ ይሄዳል አላለችም?

መኩሪያ፦ ካላየሁት አለመፍረሱን በምን አውቃለሁ?

ውድነሽ፦ እሱን ተወው። እኔ ሳዞር ያንተ ዓይን ቀጣዩን ቁራጭ ይፈልግ። አንተ ግን እጄን ነው እንደ ዘበኛ የምትጠብቀው።

መኩሪያ፦ ስለሚጣደፍ ነዋ። ቀስ ብትይ ዓይኔ ይደርስ ነበር። እሱንም ሶስና ብላለች፤ የሚስማማሽን ብቻ ነው የያዝሽው።

ውድነሽ፦ እሺ፣ ቀስ እላለሁ። ያዝ። ቀይና አረንጓዴው ቁራጭ የት አለ?

መኩሪያ፦ ላይ ነው፣ በእኔ በኩል።

ውድነሽ፦ በል ከስሩ ያለውን ነጭ ጥግ ወደ ላይ አውጣው።

መኩሪያ፦ ነጩ ይፈርሳላ።

ውድነሽ፦ ይፍረስ።

መኩሪያ፦ እንዲህ የለፋሁበትን?

ውድነሽ፦ ይኸው፣ ሁልጊዜ እዚችው ላይ ትቆማለህ። ጥጉ ይወጣል፣ ከቀይና አረንጓዴው ጋር ይገጥማል፣ ሁለቱ አብረው ይገባሉ። አንተ ገና ሲወጣ ስለምትደነግጥ ነው የመሃሉ ረድፍ የማይሞላው። ነገ ልጅቷ ከኋላህ ቆማ እያየችህ እንዲህ ልትደርቅ ነው?

መኩሪያ፦ አትጩኺ፣ ሰው እያየን ነው።

ውድነሽ፦ ይየና። አዙር።

መኩሪያ፦ አዞርኩ። ያንቺ ተራ።

ውድነሽ፦ ያንተ።

መኩሪያ፦ ገባ። ነጩስ?

ውድነሽ፦ አትገልብጠው አልኩህ።

መኩሪያ፦ አልገለበጥኩም። ጠየቅሁ እንጂ።

ውድነሽ፦ ቦታው ተመልሷል።

መኩሪያ፦ እንግዲህ ሂጂና ይህንኑ ለታምሩ አስተምሪው።

ውድነሽ፦ ታምሩ ቀይና አረንጓዴ አይለይም።

መኩሪያ፦ ምን ማለት ነው?

ውድነሽ፦ ዓይኑ አይለይም፣ ከልጅነቱ ጀምሮ። ስንት ዓመት በካልሲው ስትስቅ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለህ አልጠየቅህም።

መኩሪያ፦ ታዲያ ነገ ከአንቺ ጋር ማን ሊቀርብ ነው?

ውድነሽ፦ ጥፍርህን ተቆረጥ፣ እጄን ቧጠጥከው። ነጩ ከታች፤ እባክህ፣ እሱን ብቻ አትርሳ።