የመጋዙን መከለያ ማን አነሣው?

ሁላችሁም በፍቅርም በፍርሃትም «እትዬ መርማሪ» የምትሏቸው ታላቅ እኅታችን፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ ገና በልጅነታቸው ተረት ሲነገራቸው «ማን አየ?» እያሉ የሚያቋርጡ ነበሩ። የሒሳብ አያያዝ ትምህርታቸውን አጠናቀው በእንጨት መሸጫ መደብር ሲያገለግሉ፣ ጣውላ ሊገዙ ይመላለሱ ከነበሩ አናጺ ጋር ተዋወቁ፤ ስለ አናጺው ጠባይም ጎረቤቶቻቸውን ጠያይቀው ካጣሩ በኋላ በትዳር ተጣምረው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

ባልና ሚስቱ የቤት ዕቃ መሥሪያ ከፍተው ሠራተኞች በቀጠሩ ጊዜ፣ አነስተኛ አሠሪም ቢሆን በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሠራተኞቹን መድን የማስገባት ግዴታ እንዳለበት የሚናገር የአንድ መድን ድርጅት ወኪል መጣ። እኅታችን አነጋገሩ እጅግ ስለ ጣፈጠባቸው ሰውየውን አላመኑትም፤ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ በእግራቸው ሄደው ነገሩን እስኪያረጋግጡ ድረስም ወንበር አልሰጡትም። መድኑ ከተገባ በኋላ ግን ጥርጣሬው ወደ ራሳቸው ዞረ። ቀለም ቀቢያቸው «እኔ ስሞት ገንዘቡን ሊበሉ ነው?» ብሎ ሥራ ሊለቅ ተነሣ። እርሳቸውም ሳይቆጡ፣ «እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር» ብለው እስከ መድን ድርጅቱ ደጅ ሸኙት፤ ካሳው ለተጎጂው ወይም ለቤተሰቡ መሆኑን ለብቻው ገብቶ ጠይቆ እስኪወጣም ውጭ ቆመው ጠበቁት።

ያው ቀለም ቀቢ ሥራ በበዛበት ቀን ሊያግዝ በኤሌክትሪክ መጋዙ እንጨት ሲቆርጥ ሁለት ጣቶቹን አጣ። የመድን ድርጅቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ መጋዙ እጅ እንዳይቆርጥ የሚጋርደው መከለያ እንደሌለው ባየ ጊዜ፣ «አንተው አንሥተኸው ነው፤ ማን ያውቃል፣ ሆን ብለህም ይሆናል» እያለ እጁ የታሰረውን ሰው ያፋጥጠው ጀመር። እኅታችን በክፍሉ የነበረውን ሰው ሁሉ በዐይናቸው ሲመረምሩ ቆይተው፣ ዐይናቸው ወለል ወለሉን በሚያዩት ባለቤታቸው ላይ ዐረፈ። ዝም ቢሉ ካሳው ይቀራል፣ ቢናገሩ ቤታቸው ይቀጣል። «ያነሣው ባለቤቴ ነው፤ ሥራ እንዲፈጥንለት። ይህን ልጅ ተወው!» አሉ። ካሳው ለተጎጂው ተከፈለ፣ ቅጣቱም በእነርሱ ላይ ወደቀ። ባለቤታቸው አኩርፈው ከርመው፣ አንድ ጠዋት መከለያውን በቦታው ሲገጥሙ ተገኙ።

እኅታችን በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ፣ ስለ እያንዳንዷ ክኒን ሐኪሞቹን በጥያቄ ወጥረው ይዘው ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ባለቤታቸው በማንኪያ የሚያቀርቡላቸውን ሁሉ ምንነቱን ሳይጠይቁ ይቀበሉ ነበር። በዚህ ሁኔታ እንዳሉም በባለቤታቸው ክንድ ላይ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ልጆቻቸው «ከእኛ ተርታ ይጠራ» ያሉትን ቀለም ቀቢ ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥርጣሬ ከማይደርስበት ዕረፍት ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን።