ከታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለው ተራራ

አያ ክንዱ የመንደሩን የውኃ ፓምፕ ሲጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአፉ የወጣውን ቃል ቢሰበስቡት አንድ ስልቻ አይሞላም። «ሞላ»፣ «ጎደለ»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»፣ በቃ።

ፓምፑ ከታች ከወንዙ ዳር ነው። ታንከሩ ከጉብታው ላይ፣ ከእታገኘሁ ቤት ራስጌ ተቀምጧል። ታንከሩ ሲሞላ ፓምፑ መጥፋት አለበት። ድሮ እታገኘሁ ነጠላዋን ከአጥሯ ላይ ስትሰቅል አያ ክንዱ ከታች አይቶ ያጠፋው ነበር። ክረምት ላይ ጉሙ አላሳይ ሲል ጊዜ ሽቦ ቀበሩ። ከላይ ውኃው ተንሳፋፊዋን ኳስ ሲያነሣት ከታች ከፓምፑ ቤት ደወል ይጮኻል።

ባለፈው ነሐሴ ግን ከጎንደር አንድ ወጣት ባለሙያ መጣና ከታንከሩም ከፓምፑም ላይ የስልክ ቁጥር ያለው አዲስ መሣሪያ ተከለ። ታንከሩ መሙላቱን በስልክ መልእክት ለእሱ ይነግረዋል፣ እሱ ካለበት ሆኖ «ዝጋ» ብሎ ይልካል፣ ፓምፑም ይጠፋል። ለሙከራው ብሎ ደወሉን አስፈታው። ኅዳር ስድስት ቀን ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰና የእታገኘሁን ማድ ቤት ግድግዳ ይዞት ወረደ። በማግስቱ አያ ክንዱ ማንንም ሳይጠይቅ ደወሉን መልሶ አሰረው።

ዛሬ የውኃ ኮሚቴው ከፓምፑ ቤት ደጃፍ ተሰብስቧል። ጉዳዩ አንድ ነው፤ ሽቦው ተቆፍሮ ይውጣ ወይስ ይቆይ? ባለሙያው ይውጣ ባይ ነው፤ ሁለት ቆፋሪዎችም አካፋቸውን ተደግፈው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ሽቦው ከወጣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚወርደው የእታገኘሁ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ መሆኑን አያ ክንዱ ያውቃል። እንግዳን፣ ያውም የተማረ እንግዳን፣ ፊት ለፊት መውቀስ ደግሞ በእነሱ ዘንድ ነውር ነው።

ሊቀ መንበሩ ዓለምነው «አንተስ ምን ትላለህ፣ አያ ክንዱ?» አለው። አያ ክንዱ ባለሙያውን አላየውም። ከግንዱ ላይ አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው ወደ እታገኘሁ ዞረ።

«እታለም... ገብሱ እንዴት ነው? ውርጭ አልነካውም? ሸጋ ነው። ያ ቀንደ ጎራዳ በሬሽስ ተሻለው? እሰይ። እኔማ ዓይኔን አሞኛል። ምነው ብትዪ፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ከዚች በር ቆሜ ነጠላሽን ሳይ ኖርኩ አይደል? ሲነጣ አየዋለሁ፣ ይቅር በዪኝና ሲቆሽሽም አየዋለሁ። ለካ በመካከላችን ተራራ ኖሯል!

አዎ፣ ተራራ። አንድ የማውቃቸው የተማሩ ሰው ናቸው ያሉት። ሦስት ዓይነት መንገድ አጥንተው አመጡ፤ ሽቦ፣ ሬዲዮና ስልክ። ሬዲዮኑ እንኳ ከላይ አንድ ዘንግ፣ ከታች አንድ ዘንግ ተተክሎ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ የሚነጋገሩበት ነበር አሉ። ምነው ቀረ ስንል፣ ተራራ ይከልለዋል ተባለ። እኔ አላየሁት፣ አንቺም አላየሽው... እሳቸው ግን ጎንደር ከወንበራቸው ሳይነሡ አዩት! ዓይን ማለት ይኸ ነው። የእኛስ ምን ዓይን ነው? ፍየሎቼ እንኳ በላዩ ሲሄዱ ኖረዋል፣ አንዲት ቀን ዳገት በዛብን አላሉኝም።»

ባለሙያው ወረቀቱን አገላበጠ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ወደ ጉብታው አንጋጠጠና ፈጥኖ አንገቱን ደፋ። አያ ክንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ይኸን ያህል ተናግሮ ስለማያውቅ አፉ ደርቋል፤ ግን አላቆመም።

«ሽቦውን መናቃቸው ደግ ነው። ሽቦ ምን ያውቃል? ከላይ የነገሩትን ከታች ይናገራል። እንደ እኔ ነው፣ አልተማረ። ስልኩ ግን... አየሽ፣ ከአጥርሽ እስከ እኔ በር ዘጠኝ መቶ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ውኃችን ታዲያ ሞላሁ ለማለት ከጉብታው ተነሥቶ፣ ዳባትን አልፎ፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ ጎንደር ይገባል። ከእሳቸው ኪስ አረፍ ይላል። ከዚያ ተመልሶ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኔ ጎንደርን ካየሁ ስድስት ዓመቴ! ውኃው በቀን ሁለቴ ይመላለሳል። ውኃን እንዲህ አገር የሚያሳይ ሰው ከየት ይገኛል?

ፓምፑማ በለጠኝ። በዘመን መለወጫ እንኳን አደረሰህ የሚል መልእክት ገባለት። የልጅ ልጄ ሐዲስ ነው ያነበበልኝ። እኔን በሃያ ሁለት ዓመት ማን እንኳን አደረሰህ ብሎኝ ያውቃል? ደግሞ በሳምንቱ ዕጣ ቁረጥ፣ ማኪና ይደርስሃል አሉት። ፓምፕ ማኪና ወዴት ይነዳል አልልም... እሳቸው ያውቃሉ።

ያን የኅዳር ስድስቱንስ? ምነው ሰው አፉ ከፋ፣ እታለም! ስልካቸው ዝግ ነበር እያለ የሚያማቸው አለ። ዝግ ነበራ! ቁስቋም ለንግሥ ቆመው ሲያስቀድሱ ስልክ ይከፈታል? ስንቱ ባለጌ አለ፣ ቄሱ እጣኑን ይዘው ቆመው ዘፈን የሚያስጮኽ። እሳቸው ጨዋ ናቸው፣ ዘጉ። ታንከሩ ነው ባለጌው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ምን ነበረበት ቢታገሥ? ማድ ቤትሽስ ቢሆን ምን አስቸኮለው? እኔ የምለው፣ ወደፊት የሚያስቀድሱበትን፣ ለቅሶ የሚደርሱበትን፣ ጸጉራቸውን የሚስተካከሉበትን ቀን አስቀድመው ይንገሩን፤ በዚያ ቀን ውኃ አንጠጣም። እንዲህ ላሉ ሰው አንድ ቀን መጠማት ምን አላት?»

እታገኘሁ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ዓለምነው ሣር መንቀል ጀመረ።

ይኸኔ ከፓምፑ ቤት ደወሉ ጮኸ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ፤ ባለሙያው ወደ ኪሱ። ስልኩን አወጣ፣ አየ፣ ምንም የለም። ወደ ላይ አነሣው። አሁንም የለም። ሴቶቹ ልብስ ከሚያጥቡበት ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጣና እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ደወሉ ይጮኻል። አያ ክንዱ ልቡ ወደ ፓምፑ በረረ፤ ታንከሩ ከደወሉ በኋላ እስኪፈስ ጥቂት ፋታ እንዳለው ስለሚያውቅ ግን ተቀመጠ።

«ቁመታቸውን አየሽው፣ እታለም? ሲያምር! ለስልክ ምሰሶ ብረት ከሩቅ ማምጣት ምን ያደርጋል?... ቆይ፣ አትነሺ፣ ጉብታውንም አትዪው። መልእክቱ ይመጣል። አሁን ጎንደር ገብቶ ቤታቸውን እያንኳኳ ይሆናል። እዚህ መሆናቸውን ማን ይንገረው? ጎረቤት ጠይቆ፣ አቅጣጫ ተጠቁሞ፣ በዳባት በኩል ይመለሳል። ካልዘነበበት።»

እታገኘሁ ግን ከጉብታው ላይ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። አያ ክንዱ ከዚህ በላይ አላስጨነቃትም። በትሩን ተመርኩዞ ተነሣ፣ ከፓምፑ ቤት ገባ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ጫን አደረገው። ፓምፑ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደወሉም ጸጥ አለ። ወጥቶ ከግንዱ ላይ ቦታው ተቀመጠ፤ አንዲት ጠብታ ከታንከሩ አፍ አልፈሰሰችም።

ዓለምነው ሂዱ ሲል ለቆፋሪዎቹ እጁን አወዛወዘላቸው። እነሱም አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው በሽቦው አጠገብ አልፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። ባለሙያው ገና ከድንጋዩ ላይ ነው፤ እጁም አልወረደም። እዚያው እንዳለ ስልኩ ጮኸች፤ ታንከሩ ሞልቷል ትላለች።

አያ ክንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ደረሰ! እሰይ፣ በሰላም ደረሰ... እታለም፣ ይኸን ያህል የደከሙልን ሰው ሳይመረቁ አይሄዱም። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ከሹመት ሹመት ይጨምርላቸው። ጭንቅ አይንካቸው... አይ፣ ሰው ናቸውና የነካቸው እንደሆነ፣ ወደ ላይ የጮኹ ዕለት፣ እሳቸው የእኛን ታንከር እንደሚሰሙት፣ ፈጣሪም ልክ እንደዚያው ፈጥኖ ይስማቸው።

አሜን በዪ እንጂ፣ እታለም።»