በባለቤቱ እጅ ሲነካ ስለሚጠፋው ላፕቶፕ

የምስክሯ መጠሪያ፦ መርፌዋ (በሰፈሩ የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፣ ግማሹ ልብስ ስፌት ግማሹ የኮምፒውተር ጥገና የሆነው ሱቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ፣ ከቀትር በፊት
ቃል ተቀባይ፦ ተረኛው መርማሪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ተጠርጥሮ ተይዞ የነበረው የጥገና ባለሙያ ባለቤቴ መሆኑን አስታውቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ለባልሽ ታደያለሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ ጥፋት ቢኖርበት ኖሮ ከፖሊስ በፊት አንገቱን የምይዘው እኔ እንደምሆን መልሻለሁ።

ባለቤቴና እኔ አንዱን ሱቅ በመጋረጃ ከፍለን እንሠራለን። ሰኞ ጠዋት የግል ተበዳይ ነኝ የሚለው ማመልከቻ ጸሐፊ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ከነላፕቶፑ እንደወደቀ፣ የግራ እጁንም ወለም እንዳለው ነገረን። ባለቤቴ አዲስ ስክሪን ገጠመለት፤ በማግስቱም እፊቱ አብርቶ አሳየው። ሰውየው "እጅህ ይባረክ" ብሎ መርቆት ሄደ።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ገና መጻፍ ስጀምር ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል አለ። ባለቤቴ ሲያበራው በራ። ሰውየው ወሰደው፤ ከሰዓት በኋላ መልሶ አመጣውና ጥሎት ሄደ። ባለቤቴም ፈታታው። የስክሪኑን ገመድ ነቅሎ ሰካ፣ ገመዱን በሌላ ቀየረ፣ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ አየ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው የሌላ ደህና ላፕቶፕ ስክሪን ሳይቀር ፈቶ ሞከረበት። ሁሉም ይሠራል። ምሳውን እንኳ አልቀመሰም። "አንተ ሰው፣ ደህናውን ነገር እስኪበላሽ ነው እንዴ የምትፈታው?" ብዬዋለሁ። እሱም "እኔ ጋ ይሠራል፣ እሱ ጋ ይጠፋል፤ ምን ላድርግ?" አለኝ። አሳዘነኝ።

ትናንት ሰውየው ላፕቶፑን ከወሰደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ፣ ዳቦ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ "ይሄ ሌባ! አሮጌ ስክሪን ገጥሞ አዲስ ነው አለኝ!" እያለ ጮኸ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልመለሰም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ማለት ይወዳል፤ ይኸው ገባለት። ዛሬ ጠዋት በፖሊስ ተጠርቶ ሲመጣ እኔም ተከትዬ መጣሁ። ሰውየው ክሱን ራሱ ጽፎ አቅርቦ ነበር። ሲነበብ ሰማሁት። መቼም ሙያው ነውና አሳምሮ ከመቋጨቱ የተነሳ፣ እኔ ራሴ ባሌን ልጠረጥረው ምንም አልቀረኝም። ሌባ የተባለ ጠጋኝ ዘንድ ማን ላፕቶፑን ያስቀምጣል? ሱቃችን ሊዘጋ ነው ብዬ እዚሁ ወንበር ላይ አለቀስኩ።

መርማሪው ሁለቱም ሰውየው ይዞት በመጣው ላፕቶፕ ላይ በየተራ እንዲሠሩ አዘዙ። ባለቤቴ ሲነካው በራ። ማመልከቻ ጸሐፊው እጁን ሲያሳርፍበት ድርግም አለ። መርማሪው "ጥንቆላ ነው እንዴ ይሄ?" አሉ። ይህ አይጻፍ ብለው ነበር፤ እኔ ግን ቃሌ ከሆነ አይቀነስ ብዬ ተጽፏል።

እኔም ጠጋ ብዬ ለማየት ከሰውየው በግራ በኩል ቆምኩ። እጅጌዬ ላይ በላላው ሰክቼ የረሳሁት እስፒል ብድግ ብሎ ሰውየው በግራ እጁ ያሰረው አምባር ላይ ልጥፍ አለ። "ወይ ጉድ! ምንድን ነው እጅህ ላይ ያደረግከው?" ብዬ ጮህኩ። ለወለምታው ያሽልሃል ብለው አማቱ የሰጡት የማግኔት አምባር መሆኑን፣ ከወደቀበት ቀን ጀምሮም አውልቆት እንደማያውቅ ተናገረ። ይህን ጊዜ ባለቤቴ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ላፕቶፑ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት መሆኑን፣ አምባሩ ሲጠጋው ተዘጋሁ ብሎ ስክሪኑን እንደሚያጠፋ አስረዳ። አምባሩ ወልቆ ሲሞከር ሰውየው የፈለገውን ያህል ጻፈ፤ አልጠፋም። መርማሪውም አምባሩን ተቀብለው እያስጠጉና እያራቁ፣ በቃዎት እስክንላቸው ድረስ አጠፉት፣ አበሩት።

ባለቤቴ ወዲያው ተለቀቀ። እፎይ! ማመልከቻ ጸሐፊው "እህቴ፣ አፈር ልብላ" ብሎ እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ክሱን መተዉንም አሁኑኑ በጽሑፍ ላቅርብ አለ። ባለቤቴ "ተይው፣ ይብቃ" ቢለኝም እኔ አልተውኩትም። ሌባ ያለው በጽሑፍ ሳይሆን በአፉ ስለሆነ፣ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ በዚያው ድምፁ ስድቡን እንዲያነሳው ጠየቅሁ። ሰውየውም ዛሬውኑ ሰልፉ ሳይበተን እንደሚያደርገው በመርማሪው ፊት ቃል ገብቷል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ፊርማዬ የተጣመመው በደስታ ስለቸኮልኩ መሆኑ ይጻፍልኝ። ባሌ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስለሆነ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የቃል ተቀባዩ ፊርማ ____________