ዓይን ክሊኒኩ ውስጥ የጻፍኩት ግራጫ ጽሑፍ

ያፈርኩበትን ቀን ልንገራችሁ። ታቦር አካባቢ የተከፈተ አንድ የዓይን ክሊኒክ አለ፤ የውስጥ ዲዛይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ግድግዳውን ሰማያዊ፣ በሮቹን ኮራል፣ ማለትም ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ሮዝ አደረግኳቸው። በየበሩ አጠገብ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ በቀጭን ግራጫ ጻፍኩት። ባለቤቱ "ግራጫው ይነበባል?" ቢለኝ፣ "ሌላ ቀለም ውበቱን ያበላሸዋል" ብዬ ተከራከርኩት።

ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ስልኬን ደግኜ ሳለሁ አንዲት ጠና ያሉ እናት ፊቴ መጥተው፣ "ልጄ፣ የሐኪሙ ክፍል የቱ ነው?" አሉኝ። ፎቶዬን ስላበላሹብኝ ተናድጄ፣ "እማማ፣ ተጽፏል እኮ! አያነቡም?" አልኳቸው።

"ማንበብስ አነብ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "አሁን ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ልታከም ነው የመጣሁት።"

ክው አልኩ። ለካ በጠዋት ከቱላ መጥተው፣ ጽሑፉ አልታይ ስላላቸው የሐኪሙ ክፍል መስሏቸው እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ባለው መነጽር መሸጫ በር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ተራቸው አልፏቸዋል። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸውና ነርሷን ለምኜ አስገባኋቸው። እሳቸው ግን "አስቸገርኩህ፣ ይቅር በለኝ" ይሉኛል!

ጽሑፉን በማግስቱ በትልልቅ ነጭ ፊደል ቀየርኩት። የሴትዮዋ ምርቃት ግን እስከ ዛሬ አንገቴን ያስደፋኛል። ታክመው ሲወጡ ፈልገው አገኙኝና፣ "እንደ አንተ ያለውን ያብዛልን" አሉኝ። ያንን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ "አሜን" ብዬ ዘጋሁት።